አንድ ካሜራ ለጮቄም ለሠርግ ዳሱም

አማኑኤል ከተማ ላይ ሆኖ ካሜራ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወስነው ዕቃውን በእጁ ሳይዘው ነው። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ገንዘብ ይልካል፤ ወይ በቴሌግራም የወጣ ፎቶ አይቶ በስልክ ይደራደራል፤ ወይ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ወንድም «ምን ላምጣልህ?» ሲለው የሞዴሉን ስም ጽፎ ይልክለታል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ዋናው ሥራ የሚያልቀው ከመግዛቱ በፊት ነው። የሚፈልጉትን እርስዎ ካላወቁ ሻጩ ያውቅልዎታል።

እዚህ የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ካሜራ ነው፦ ሌንሱ የማይነቀል፣ በዚያው ሌንስ ዳስ ውስጥ የተቀመጠውን እድምተኛ ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ፣ ወዲያው ደግሞ ከሜዳው ማዶ የሚጋልበውን ፈረሰኛ የሚያቀርብ፣ ፎቶም ቪዲዮም የሚሠራ። እንዲህ ያለው ካሜራ የሚስማማው ሁሉን ለሚነካካ ሰው ነው። የወረዳ ኮሙኒኬሽን ባለሙያ ጠዋት ስብሰባ ላይ፣ ከሰዓት ተፋሰስ ልማት ላይ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ መዝሙር ይቀርጻል፣ ጥምቀትም ያነሳል። መምህሩ የተማሪዎቹን ምረቃ ያነሳና ቅዳሜ ደግሞ ወፍ ፍለጋ ይወጣል። እነዚህ ሰዎች ሦስት ሌንስ ተሸክመው አቧራ መሃል እየነቀሉ የሚሰኩበት ጊዜም ገንዘብም የላቸውም።

ፎቶ ቤት ከፍተው በጉርድ ፎቶና በሠርግ ሊተዳደሩ ካሰቡ ግን ምክሬ ሌላ ነው። ያገለገለ የካኖን ወይም የኒኮን ዲኤስኤልአር ከ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ይግዙ፤ ለዚያ ሥራ ከዚህ በታች ከማነሳቸው ካሜራዎች ሁሉ የተሻለ ፊት ያወጣል። ቀሪው ጽሑፍ ለሌሎቻችሁ ነው።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ሞዴል ከማየትዎ በፊት በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያነሱትን ይጻፉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ስንት ሜትር ርቀው እንደሚቆሙና ብርሃኑ ምን እንደሚመስል ያስፍሩ። የአማኑኤል ሰው ዝርዝር ውስጥ ምን እንደሚገባ መገመት አይከብድም። ታኅሣሥ 28 የአማኑኤል ንግሥ፣ ጥር 11 ጥምቀት፤ በሁለቱም ጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ የለበሰ ብዙ ሕዝብ፣ ታቦቱ ወዳለበት እየተጋፉ መቅረብ የማይገባበት ቦታ። የጥር ሠርግ ዳስ ውስጥ ነው፤ ርቀቱ ከሦስት እስከ ስድስት ሜትር፣ ብርሃኑ ቀን በሸራ ያለፈ፣ ማታ የጄኔሬተር አምፖል። ሽምጥ ግልቢያ ካለ ከ40 እስከ 100 ሜትር። ጮቄ ተራራ ከተወጣ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጓሳና ጅብራ፣ ብርድ፣ ሰው ሲጠጋው የሚነሳ ወፍ።

ዝርዝሩን ሲጨርሱ ከሩቅ የሚነሳው ስንት፣ በደካማ ብርሃን የሚነሳው ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ። ብዙ ሰው «ዙም ነው የሚያስፈልገኝ» ብሎ ይጀምርና ወረቀቱን ሲያየው ከግማሽ በላዩ ዳስና ቤት ውስጥ ሆኖ ያገኘዋል። ካሜራውን የሚመርጥልዎ ይህ ቆጠራ ነው፤ ዙም የሚያጓጓው ሱቅ ውስጥ ነው፣ የሚፈተነው ዳስ ውስጥ።

እጥፉን ይተዉት፣ ሚሊሜትሩን ያንብቡ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 25፣ 60፣ 83 ወይም 125 እጥፍ የሚለው ቁጥር የሌንሱ ረጅም ጫፍ ለአጭር ጫፉ ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ከ24 እስከ 600 ሚሊሜትር የሚሄድ ሌንስ 25 እጥፍ ይባላል፤ ከ20 እስከ 1200 የሚሄደው 60፣ ከ24 እስከ 2000 የሚሄደው 83። ስለዚህ እጥፉ ብቻውን የት እንደሚነሳና የት እንደሚደርስ አይነግርዎትም። ሁለቱን የሚሊሜትር ቁጥሮች ይጠይቁ። በ35 ሚሊሜትር የፊልም ካሜራ ልክ የተሰሉ መሆናቸውንም ያረጋግጡ፤ ካለዚያ አንዱን ሞዴል ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ቁጥሩን ወደ ሜዳ እናውጣው። ከ40 ሜትር ርቀት ላይ 400 ሚሊሜትር ወደ 3.6 ሜትር የሚሆን ስፋት ይይዛል፤ 600 ደግሞ 2.4 ሜትር፣ 1200 ደግሞ 1.2 ሜትር፣ 2000 ሰባ ሴንቲሜትር ገደማ። ፈረስ ከነፈረሰኛው በ400 ምስሉን ሞልቶ ይገባል። በ2000 የሚያገኙት የፈረሱን ጆሮና የጋላቢውን ጉልበት ነው፤ ያውም ከተከተሉት። ድንጋይ ላይ ያረፈች ትንሽ ወፍ ግን በ600 ነጥብ ትሆንብዎታለች፣ እዚያ 2000ው ዋጋ አለው። የአማኑኤል ሰው አብዛኛው የሩቅ ሥራ፣ በዓሉም ግልቢያውም፣ ከ400 እስከ 600 ባለው ያልቃል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ለወፍ ነው።

ሻጮች ጨረቃን ማሳየት ይወዳሉ። እውነት ነው፣ በ2000 ሚሊሜትር ጨረቃ የምስሉን ቁመት ሦስት አራተኛ ትሞላለች፣ ያስደንቃል። ግን ጨረቃን ስንት ጊዜ ያነሳሉ?

ሌንሱ ቢረዝምም አየሩን አያጠራም። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ከታረሰው መሬት ላይ የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፤ ከ200 ሜትር ማዶ ያለው ነገር ሁሉ በውኃ ውስጥ እንደሚታይ ይሆናል። የካሜራው ጥፋት አይደለም፣ ውድ ካሜራም አያድነውም። የሩቅ ፎቶ የማለዳ ሥራ ነው።

አጭሩን ጫፍም አይናቁት። ሦስት ሜትር ወደኋላ መሄድ በሚቻልበት ክፍል ውስጥ 24 ሚሊሜትር አራት ሜትር ተኩል ስፋት ይይዛል፣ 37 ሚሊሜትር ግን ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ቁጥር ያስታውሱት፣ ቪዲዮው ላይ ያስፈልገናል።

ከዚህ ክፍል ሳልወጣ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በርካሽ የሚሸጡ፣ መልካቸው ትልቅ ካሜራ የሚመስል፣ «48 ሜጋፒክስል፣ 16 እጥፍ ዙም» የሚል የተለጠፈባቸው ዕቃዎች አሉ። ዙማቸው ዲጂታል ነው፤ ማለትም ምስሉን ቆርጠው ያሳድጉታል፣ ይኸንን ስልክዎም ይሠራዋል። ዙሙ ኦፕቲካል መሆኑ ካልተጻፈ አይግዙ። ዙም ሲያደርጉ ሌንሱ ውስጥ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለ ነገሩ ታውቋል።

ብርሃን

ገንዘብዎ የሚባክነውም የሚተርፈውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው የሴንሰሩ መጠን ነው። ረጅም ዙም ያላቸው አብዛኞቹ ካሜራዎች የያዙት 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር የሆነ ሴንሰር ነው፤ በዝርዝር ወረቀቱ ላይ 1/2.3 ኢንች ተብሎ ይጻፋል። ሻል ያሉት ባለ 1 ኢንች የሚባለውን፣ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር የሆነውን ይዘዋል። በስፋት ሲሰላ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አራት እጥፍ ይበልጣል፤ የሚሰበስበውም ብርሃን እንደዚያው ነው። የባለ 1 ኢንቹ ሌንስ ባነሰ ዙም የቆመው ለዚህ ነው፦ ትልቅ ሴንሰር ላይ 2000 ሚሊሜትር የሚደርስ ሌንስ ሰው የሚሸከመው አይሆንም።

ሁለተኛው ዙሙ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ያለው የኤፍ ቁጥር ነው። ሌንሱ ግንባር ላይ «2.8-6.5» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ሲጀምር ኤፍ 2.8፣ ሲያልቅ ኤፍ 6.5 ማለት ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን ያነብልዎታል፤ እርስዎ ሁለተኛውን ያንብቡ። ኤፍ 4 ከኤፍ 6.5 ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል።

ይህ በተግባር እንዲህ ይመጣል። ፈረስ ሲጋልብ ደርቆ እንዲቀር ሻተሩ ቢያንስ 1/1000 ሴኮንድ መሆን አለበት። በጠራራ ፀሐይ ይህ ለማንኛውም ካሜራ ቀላል ነው። ደመና ሲሆን ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኤፍ 6.5 የሆነው ትንሽ ሴንሰር የብርሃን ትብነቱን (አይኤስኦውን) ወደ 1600 እና 3200 ይወስደዋል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ፊቱ እንደ ጭቃ ይለሰናል። «ማረጋጊያ አለው» ይሉዎታል። አለው፣ ጥሩም ነው፤ ማረጋጊያ ግን የእርስዎን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ፈረስ አያቆምም።

ዳሱ ከዚህም ይብሳል። ሰማያዊ ወይም ብርቱካን ሸራ የለበሰ ዳስ ውስጥ ብርሃኑ ማነሱ ብቻ ሳይሆን ቀለሙም የሸራው ነው፤ ሙሽራዋም ሚዜዎቹም ሰማያዊ ወይም ብርቱካን ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ነጭን በእጅ ማስተካከል የሚቻልበት፣ ማለትም ነጭ ነገር አሳይተውት «ነጭ ይህ ነው» የሚሉበት ሜኑ ያለው ካሜራ ይምረጡ። ዳሱ ውስጥ ገብተው ንጹሕ ነጠላ ያስዘርጉ፣ ምስሉን በነጠላው ይሙሉት፣ ያስመዝግቡት። ቀኑን ሙሉ ይጠቅምዎታል። ሲመሽና አምፖል ሲበራ እንደገና ያድርጉት። ቤት ገብቶ በኮምፒዩተር ለማስተካከል ራው የሚባለውን ጥሬ ፋይል መያዙም አንድ መንገድ ነው፤ ለቪዲዮ ግን ራው የለም፣ እዚያው በቦታው ነው የሚስተካከለው።

የበዓል ፎቶ የራሱ ጣጣ አለው። ሁሉም ነጭ ለብሶ ሲቆም ካሜራው «በጣም በዝቷል» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊቱም ይጠቁራል። ኤክስፖዠሩን በ0.7 ወይም በ1 ከፍ ማድረግ የሚቻልበት፣ ሜኑ ውስጥ ገብተው የማይፈልጉት፣ በአውራ ጣት የሚሽከረከር ቁልፍ ቢኖረው ምርጥ ነው። ከፍ ሲያደርጉ ነጠላው ጥለቱ ጠፍቶ ወረቀት እንዳይሆን ደግሞ የበዛውን ብርሃን በሰረዝ የሚያሳይ፣ ዜብራ የሚባል ምልክት ያላቸው ካሜራዎች አሉ፤ ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ይህ ከብዙ ጌጥ ይበልጣል።

ቪዲዮ

4ኬ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ጥያቄ ወደ ኋላ ያድርጉት። በቅድሚያ የማይክ ቀዳዳውን ይፈልጉ፦ 3.5 ሚሊሜትር፣ ውጫዊ ማይክ የሚሰካበት። የሠርግ ቪዲዮ የሚበላሸው ከምስሉ ይልቅ በድምፁ ነው፣ የዙሙ ሞተር ድምፅም በካሜራው ማይክ ይገባል። የፓናሶኒክ ኤፍዜድ82 ርካሽና ሰፊ ዕይታ ያለው ካሜራ ነው፣ የማይክ ቀዳዳ ግን የለውም፤ ለቃለ መጠይቅና ለመዝሙር ይህ ብቻውን ከዝርዝር ያስወጣዋል።

ቀጥሎ በ4ኬ ሲቀርጽ ዕይታው ይጠብ እንደሆነ ይጠይቁ። ለምሳሌ ፓናሶኒክ ኤፍዜድ1000 በፎቶ ከ25 ሚሊሜትር ቢጀምርም 4ኬ ላይ ከ37 ነው የሚጀምረው። ቅድም ያሰላነው ነው፦ ጠባብ ቤት ውስጥ ሲሶው ሰው ከምስሉ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቤት ውስጥ በፉል ኤችዲ መቅረጽ፤ ግን አውቀው ይግዙት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። የአገራችን ኮረንቲ 50 ኸርዝ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ብዙ ካሜራ ግን በዋናነት በሴኮንድ 30 እና 60 ፍሬም ይቀርጻል፤ በኮረንቲ አምፖል ሥር ምስሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ጥላ የሚፈጠረው ለዚህ ነው። ለአውሮፓ የተሠራው በ25 እና በ50 ይቀርጻል። አንዳንዱ፣ እንደ ሶኒ አርኤክስ10 ያለው፣ ከሜኑ ይቀየራል። ካሜራው ከአሜሪካ ከመጣልዎት አይደንግጡ፣ ሻተሩን በእጅ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ያድርጉት፣ ጥላው ይጠፋል ወይም በእጅጉ ይቀንሳል። ሻተሩን በእጅ የማያስተካክል ከሆነ ግን አይቀበሉት።

ብዙዎቹ የፎቶ ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀርጹ 29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ በራሳቸው ይቆማሉ። ምክንያቱ ቴክኒክ ሳይሆን ቀረጥ ነው፤ 30 ደቂቃ የሚቀርጽ ካሜራ በአውሮፓ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ስለነበር አምራቾቹ ከዚያ በታች አቆሙት። ስብከት ወይም ሙሉ መርሐ ግብር የሚቀርጹ ከሆነ በየ25 ደቂቃው፣ ጭብጨባ ወይም ዕልልታ ላይ፣ ቆም አድርገው እንደገና ይጀምሩ።

ሚሞሪውን በሒሳብ ይግዙ። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ 4ኬ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፤ በ28 ሜጋቢት የሚቀርጽ ፉል ኤችዲ ወደ 13። ኮምፒዩተርዎ ያረጀ ከሆነ 4ኬውን አርትዖት ላይ ይንገዳገዳል፣ በየሠርጉም ሃርድ ዲስክ መግዛት ይመጣል። በእኔ ግምት አማኑኤል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ንጹሕ ፉል ኤችዲ በጥሩ ድምፅ ከ4ኬ ይበልጣል።

ኮረንቲ፣ አቧራ፣ ክረምት

ባትሪ ሦስት ይኑርዎት፤ አንዱ የካሜራው፣ ሁለቱ ተጨማሪ። ስለዚህ ካሜራውን ሲመርጡ ባትሪው ከሌላ ታዋቂ ሞዴል ጋር የሚጋራ መሆኑን ይዩ። የሶኒ አርኤክስ10 ባትሪ ኤንፒ-ኤፍደብሊው50 በአልፋ 6000 ውስጥም ያለው ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። የካኖን ኤስኤክስ70 የሚጠቀመው ኤልፒ-ኢ12 የኤም50 ባትሪ ነው። ፓናሶኒክ ኤፍዜድ300 እና ኤፍዜድ1000 አንድ ባትሪ ይጋራሉ። ብዙም የማይሸጥ ባትሪ ያለው ካሜራ ከሁለት ዓመት በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ወይም በሶላር የሚሞላ፣ ማለትም በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረግ ቢሆን ሌላ ጸጋ ነው። ጮቄ ሲወጡ ትርፍ ባትሪዎቹን በውስጥ ኪስዎ፣ ሰውነትዎ አጠገብ ይያዙ፤ ብርድ ኃይላቸውን ይቀንሰዋል።

ሌንሱ ስለማይነቀል አቧራ አይገባም የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ዙም ሲያደርጉ ወጥቶ የሚገባ ሌንስ እንደ ወናፍ አየር ይስባል፣ የአየሩን አቧራ ጭምር። ገባ ማለት ደግሞ ማጽዳት የሚቻለው ካሜራውን ፈትቶ ብቻ ነው። ጋሪና ባጃጅ በሚያልፍበት የአቧራ መንገድ ላይ ከሆኑ ዙሙን ወደ ውስጥ መልሰው ያጥፉት። አቧራና ጠል እንዲቋቋሙ ተደርገው የተሠሩት ጥቂት ናቸው፤ ኤፍዜድ300 እና አርኤክስ10 4 ከነሱ ውስጥ ይቆጠራሉ።

ክረምቱን ካሜራውን በቆዳ ቦርሳ ዘግተው አያስቀምጡት። ርጥበትና ጨለማ ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላሉ። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ይሰብስቡ፣ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከካሜራው ጋር ያኑሯቸው፣ ፀሐይ በወጣ ቀንም አውጥተው ያናፍሱት።

ታዲያ የትኛውን?

ዝርዝርዎ ውስጥ ዳስና ቤት ከበዛ ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ይግዙ። ፓናሶኒክ ኤፍዜድ1000 እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ቢሆንም ከ25 እስከ 400 ሚሊሜትር፣ ከኤፍ 2.8 እስከ 4 ያለው፣ የማይክ ቀዳዳም ያለው ካሜራ ነው፤ ያገለገለው ሲገኝ ለአብዛኛው አንባቢ የምመክረው ይህን ነው። ቪዲዮ ዋና ሥራዎ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን ወንድሙን ኤፍዜድ2000 ይፈልጉ፤ በአሜሪካ ኤፍዜድ2500 ይባላል፣ ከ24 እስከ 480 ይሄዳል፣ የጆሮ ማዳመጫም ይሰካበታል።

ገንዘቡ ካለ ሶኒ አርኤክስ10 4፤ ከ24 እስከ 600 ሚሊሜትር፣ መጨረሻው ላይ እንኳ ኤፍ 4፣ በሴኮንድ 24 ፎቶ። ለግልቢያውም ለዳሱም የሚበቃ አንድ ካሜራ ካለ ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ 1,700 ዶላር ገደማ ነበር፤ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ከተተመነ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ስላለፈ ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት። ከእርሱ በፊት የወጣው አርኤክስ10 3 ያው ሌንስ አለው፣ ፎከሱ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ፈረስ ለማያነሳ ሰው ይበቃል።

ወፍ ከሆነ የሚያስጨንቅዎት ኒኮን ፒ950 አለ፤ ከ24 እስከ 2000 ሚሊሜትር፣ አንድ ኪሎ ገደማ፣ የማይክ ቀዳዳ ያለው። ጮቄ ላይ በጠዋት ፀሐይ የዝይና የቁራ ላባ ይቆጥርልዎታል፣ ማታ ዳስ ውስጥ ግን ያሳፍርዎታል። ፒ1000 የሚባለው 3000 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ይመዝናል፣ ጫፉ ላይ ኤፍ 8 ነው። አልመክረውም። ሌንሱን ብቻ አይቶ የሚጠራጠር ሰው በመንገድ ላይ አይጠፋም።

በመሃል ያለው ኤፍዜድ300 ነው (በአንዳንድ አገሮች ኤፍዜድ330 ይባላል)። ሴንሰሩ ትንሽ ነው፣ ግን ከ25 እስከ 600 ድረስ ኤፍ 2.8ን ሳይለቅ ይሄዳል፣ አቧራም ይችላል። ሜዳ ለሜዳ ለሚዞር የወረዳ ባለሙያ ከሁሉ የሚመቸው እርሱ ይመስለኛል።

ሳይረከቡ የሚደረግ ፍተሻ

ካሜራው አዲስ አበባ፣ እርስዎ አማኑኤል ከሆኑ ዘመድዎ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ይህን ያድርግ። ዙሙን እስከ መጨረሻ አውጥቶ ይመልሰው፤ ሲንገጫገጭ፣ ሲንተፋተፍ ወይም «ሌንስ ኤረር» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ከተሰማ ወይም ከታየ ውይይት የለም፣ ይመለስ። የስልክ ባትሪ አብርቶ በሌንሱ በኩል ወደ ውስጥ ይይ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሻጋታ ነው። ኤፍ 8 ላይ አድርጎ ጥርት ያለ ሰማይ ያንሳ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አቧራ ገብቷል። በቪውፋይንደሩ ይመልከት፤ በደጋ ፀሐይ ስክሪን አይታይም፣ ደብዛዛ ቪውፋይንደር ያለው ካሜራ ሜዳ ላይ ዕውር ነው።

ከዚያ ሦስት ፎቶ ያንሳ፦ አንድ ከሱቁ በር ሆኖ በሰፊው፣ አንድ ያንኑ ዙሙ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ደግሞ ነጭ የለበሰ ሰው ሱቁ ውስጥ ያለ ፍላሽ። ሦስቱን በቴሌግራም ይላክልዎት፣ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ ሁሉም ካሜራ አንድ ይመስላል። እንደ ፋይል ሲመጣ ግን ስልክዎ ላይ ከፍተው አራቱን ማዕዘን ማስፋት ይችላሉ፤ አንዱ ጥግ ብቻ ከሌሎቹ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የፋይሉን ዝርዝር ሲከፍቱ ደግሞ የካሜራው ሞዴልና የተነሳበት ቀን ተጽፎ ያገኙታል። ሻጩ ያለው ሞዴልና ፋይሉ የሚለው ካልተገጣጠሙ ገንዘቡን አይልቀቁ።

ሚሞሪውም ይፈተን። ሐሰተኛ ካርድ ላዩ ላይ 128 ተብሎ ተጽፎ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል፤ እስኪሞላ ቪዲዮ ይቅረጹበት፣ የመጨረሻውን ያጫውቱት። ለ4ኬ ከፈለጉት ቪ30 ወይም ዩ3 የሚል ምልክት ያለው ይሁን።

የመጀመሪያው ሳምንት

ካሜራውን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት ከመሥሪያ ቤትዎ፣ ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከሚያሠራዎት ሰው ደብዳቤ ይያዙ፣ መታወቂያም አይለይዎት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልላችን አማራ ባለበት የጸጥታ ሁኔታ ረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማንም ግልጽ ነው። ኬላ፣ ካምፕ፣ ድልድይና የታጠቀ ሰው ያለበት አቅጣጫ ላይ ሌንሱን አያዙሩ፤ የማያውቁት መንደር ከገቡ ካሜራውን ከማውጣትዎ በፊት ለሽማግሌዎቹ ይንገሩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ ያጥፉ፣ አስተዳዳሪውን አስፈቅደው ይቁሙ። ረጅሙ ዙም እዚህ ላይ ነው ዋጋውን የሚመልሰው፤ ካህናቱንም ምእመኑንም ሳይረብሹ ከዳር ሆነው ይሠራሉ።

የካሜራው ማስተካከያ ደግሞ አጭር ነው። አይኤስኦውን በራሱ እንዲመርጥ ትተው ጣራ ይወስኑለት፤ ለትንሹ ሴንሰር 800፣ ለባለ 1 ኢንቹ 3200። ዲጂታል ዙሙን ከሜኑ ያጥፉት። ሰዓቱን ከስልክዎ ጋር ያስተካክሉ። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ስለሆነ ፋይሎቹን ወደ ኮምፒዩተር ሲገለብጡ ፎልደሩን በእኛ ዘመን ይሰይሙት፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ቦታ። «2018-05-11 ጥምቀት» የሚል ፎልደር ከአሥር ዓመት በኋላም በቅደም ተከተል ይገኛል፤ ሁለተኛ ኮፒው ደግሞ ሌላ ቤት ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ ካርዱንም ሁለቱ ኮፒዎች መከፈታቸውን ሳያዩ አይሰርዙት።